ከአረቄ ጋን የሚተርፈው ሀብት



በደብረ ማርቆስ ከተማ ማለዳ በአንዱ መንደር የሚያልፍ ሰው፥ ከማገዶ ጭስ ጋር የተቀላቀለ የብቅልና የጌሾ ሽታ ያገኘዋል። በዚያ ሰዓት አንዲት እናት ከጋኗ ሥር እሳት እያነደደች፥ ከሸምበቆው ጫፍ የሚንጠባጠበውን አረቄ ትጠባበቃለች። ብዙዎቻችን የምናስበው ስለዚያ ጠብታ ብቻ ነው፤ አንዱ ያመሰግነዋል፥ ሌላው ይነቅፈዋል፥ ሐኪሙ ያስጠነቅቃል፥ ነጋዴው ዋጋውን ያሰላል። ስለ ጠብታው ብዙ ተነግሯል። ዛሬ ግን አሳባችሁን ወደ ሌላው ወገን እንድትመልሱ እለምናችኋለሁ፤ ይኸውም አረቄው ወጥቶ ካለቀ በኋላ በጋኑ ውስጥ ወደሚቀረው ወደ አተላው ነው።

ስለ አተላ መናገር ለአንዳንዱ ሰው ቀልድ መስሎ ይታየው ይሆናል። ሆኖም ከዚህ ከተናቀ ነገር ማዳበሪያና የማቀዝቀዣ ጋዝ፥ የማገዶ ጋዝና ንጹሕ ውኃ ማውጣት እንደሚቻል የዓለም የኢንዱስትሪ ታሪክ ያስተምረናል። ይህን ሳያውቁ ወይም እያወቁ ችላ ብለው አተላውን ወደ ወንዝ የለቀቁ አገሮች የደረሰባቸውንም ጉዳት ያው ታሪክ ይነግረናል። በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ታሪክ ሲጠቀስ ዓመቱ በአውሮፓውያን፥ የአገራችን ሲጠቀስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ደብረ ማርቆስ በ1845 ዓ.ም. በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ዘመን መንቆረር በሚል ስም የተቆረቆረች፥ በኋላም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም የተጠራች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትቀመጥ፥ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የጮቄ ተራራ ከበላይዋ ይመለከታታል። ከጮቄ የሚነሡት ብዙ ወንዞች፥ ከእነርሱም አንዱ ጨሞጋ፥ ቁልቁል ወደ አባይ ይወርዳሉ። እንግዲህ በዚህ ምድር ላይ የሚፈስስ ማናቸውም ነገር፥ መልካምም ሆነ ክፉ፥ መድረሻው ወንዝ ነው።

የጎጃም ባለሙያ ሴት አረቄ የምታወጣበትን ጥበብ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ብቅሉና ጌሾው በውኃ ተዘፍዝፎ ይጠነሰሳል፤ ከዳጉሳ፥ ከበቆሎ ወይም ከሌላ እህል ዱቄት የተጋገረው ቂጣ ተቆራርሶ ይጨመርበትና ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ ቀናት ቆይቶ ከበሰለ በኋላ በጋን ወይም በእንስራ ተደርጎ ከእሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ እንፋሎቱም በሸምበቆ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ነው፤ ተመልሶ እንደገና የወጣው ደግሞ ዳግም አረቄ ይባላል። አረቄ የሚለው ስም ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ላብ ማለት ነው፤ እንደ ላብ እየተንጠባጠበ የሚወጣ በመሆኑ ይህ ስም ተሰጠው።

ከጋኑ የሚወጣው አረቄ ከድፍድፉ ጥቂቱ ነው፤ ብዙው በጋኑ ይቀራል። ባለሙያዋም ይህን የቀረውን ነገር ከቶ አትጥለውም። አቀዝቅዛ ከጭድ ጋር ለላሟ ትሰጠዋለች፥ ወይም ከብት ለሚያደልብ ጎረቤት ትሸጠዋለች። የላሟም ፍግ ወደ ጓሮዋ ተመልሶ ጎመኑንና ጌሾውን ያበቅላል። ስለዚህ በዚያች ትንሽ ግቢ ውስጥ ቆሻሻ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ይህን ሥርዓት ከመጽሐፍ አልተማረችውም፤ ከእናቷ ያገኘችው ነው።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንሂድ። ፈረንሳዊው ላቮዋዚዬ በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ስኳር ሲብላላ ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ እንደሚለወጥ በሚዛን መዝኖ አስረዳ። ሌላው ፈረንሳዊ ሉዊ ፓስተር ከ1857 ጀምሮ ባደረገው ምርመራ፥ ይህን ለውጥ የሚያደርገው ሕይወት ያለው እርሾ መሆኑን አረጋገጠ፤ ከአልኮሉም ጋር ጥቂት ግሊሴሪንና ሌሎች ውሑዶች እንደሚገኙ አሳየ። በሒሳቡ መሠረት 100 ኪሎ ግራም የግሉኮስ ስኳር ሙሉ በሙሉ ቢብላላ 51 ኪሎ ያህል አልኮል፥ 49 ኪሎ ያህልም ጋዝ ይሆናል።

ከዚህ ላይ አንድ ታላቅ ቁም ነገር እናስተውል። አልኮል ከካርቦን፥ ከሃይድሮጂንና ከኦክሲጂን ብቻ የተሠራ ነው። እነዚህን ሦስቱን ተክል ከአየርና ከውኃ ያገኛቸዋል። እህሉ ከአፈር የወሰደው ናይትሮጂን፥ ፎስፎረስና ፖታሲየም ግን በአልኮሉ ውስጥ አይገቡም፤ ሁሉም በአተላው ይቀራሉ። እንግዲህ ጠርሙሱ ይዞት የሚሄደው አየርን፥ ውኃንና የፀሐይን ኃይል ሲሆን፥ የእርሻው አፈር ሀብት በጋኑ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። አተላን ወደ ወንዝ የሚለቅ ሰው የእርሻውን ጉልበት ወደ ባሕር እየሸኘ መሆኑን ይወቅ።

ይህ ነገር በጋን ሲሠራ የቆየው ጥበብ ወደ ፋብሪካ በተዛወረ ጊዜ ትልቅ ችግር ሆነ። በ1830 ኤንያስ ኮፊ የሚባል አየርላንዳዊ፥ ያለ ማቋረጥ አልኮል የሚያወጣ ረጅም የብረት ዓምድ ሠርቶ የባለቤትነት መብት አገኘ። ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች የሚያስደስተው ነገር፥ ይህ ሰው ቀድሞ የአረቄ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ሹም የነበረ መሆኑ ነው፤ በሥራው ምክንያት ሲመላለስባቸው ከነበሩት ቤቶች ጥበቡን በሚገባ ተማረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የሚያወጣው አልኮል የመንደር ባለሙያዎች ሁሉ ተሰብስበው በወራት ከሚያወጡት በለጠ። አተላውም በዚያው ልክ በዛ።

የኒው ዮርክ ከተማ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የከተማዪቱ አረቄ ፋብሪካዎች ትኩስ አተላቸውን በቦይ ወደ ጎረቤት በረት ያፈስሱ ነበር። በዚያ የታሰሩት ላሞች ሣር ሳያዩ በአተላ ብቻ ይኖሩ ስለ ነበር ታመሙ፤ ወተታቸውም ለሕፃናት ይሸጥ ነበር። በ1858 አንድ ሥዕላዊ ጋዜጣ ነገሩን ለሕዝብ ገለጠው፤ ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላም በ1862 የኒው ዮርክ ግዛት ይህን ንግድ በሕግ ከለከለ። አተላው ያው አተላ ነው፤ የደብረ ማርቆሷ እናት ከጭድ ጋር በመጠኑ ትሰጠው የነበረውን ነገር፥ እነዚያ ያለ ልክና ያለ ርኅራኄ በማድረጋቸው መርዝ አደረጉት።

አተላው ወደ ወንዝ ቢለቀቅስ? ከሞላሰስ፥ ማለት ከስኳር ፋብሪካ ከሚተርፈው ጥቁር ማር መሰል ፈሳሽ፥ አንድ ሊትር አልኮል ሲወጣ ከ10 እስከ 15 ሊትር የሚደርስ ቡናማ አተላ ይቀራል። ፈረንጆች ይህን ቪናስ ይሉታል። በወንዝ ውስጥ ያሉ ረቂቃን ሕዋሳት ይህን ሲመገቡ የውኃውን ኦክሲጂን ይጨርሱታል። አንድ ሊትር ቪናስ ለመበስበስ 50 ግራም ያህል ኦክሲጂን ይፈልጋል ብንል፥ በደጋችን ከፍታ ደግሞ አንድ ሊትር የወንዝ ውኃ የሚይዘው ኦክሲጂን ሰባት ሚሊ ግራም ያህል ብቻ መሆኑን ብናስብ፥ አንዱ ሊትር አተላ የሰባት ሺህ ሊትር ውኃ ትንፋሽ ይወስዳል ማለት ነው። ዓሣው ይሞታል፤ ውኃው ይሸታል፤ ከታች ያለው ገበሬና ከብቱም የሚጠጡት ያጣሉ። ከፍ ባለ ስፍራ የሚለቀቀው ነገር በዝቅተኛው ስፍራ የሚኖረውን ሰው መጉዳቱ፥ ሁልጊዜ የዚህ ታሪክ መራራው ክፍል ነው።

ይሁን እንጂ አተላውን እንደ ሀብት የተመለከቱ ሰዎችም ተነሥተዋል። በፈረንሳይ አገር ዱብረንፎ የሚባለው የስኳርና የአልኮል ሊቅ፥ ከስኳር ቀይ ሥር የሚገኘውን ቪናስ አትንኖና አቃጥሎ ከአመዱ ፖታሽ ማውጣት እንደሚቻል በ1830ዎቹ አመለከተ። ፖታሽ ለሳሙና፥ ለመስተዋትና ለማዳበሪያ የሚያስፈልግ ጨው ስለ ሆነ ገበያ አላጣም። በ1870ዎቹ ደግሞ ካሚ ቬንሳን የሚባል ኬሚስት በሰሜን ፈረንሳይ በኩሪዬር ከተማ በነበረው ፋብሪካ ሌላ አሳብ አመጣ። ያ ቪናስ በግልጥ እሳት ሲቃጠል ወደ ሰማይ የሚሄደው ጭስ ራሱ ሀብት መሆኑን ተረድቶ፥ በዝግ የብረት ዕቃ ውስጥ አደረገው። በዚህም ከፖታሹ ሌላ አሞኒያ፥ ሜቲል አልኮልና ትሪሜቲላሚን የሚባለውን ውሑድ አገኘ፤ ከዚህም በመነሣት ለማቀዝቀዣና ለቀለም ሥራ የሚያገለግለውን ሜቲል ክሎራይድ አወጣ። በ1914 የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜም፥ የዓለምን የፖታሽ ገበያ ይዛ የነበረችው ጀርመን ወደ ውጭ መሸጥዋን ስላቆመች፥ በአሜሪካ የአልኮል ፋብሪካዎች አተላ የፖታሽ ምንጭ ሆነ። ጦርነቱ አልፎ የጀርመን ፖታሽ በርካሽ ሲመለስ ግን ብዙው ሥራ ተተወ። እንግዲህ ሰው አተላን የሚያከብረው ሲቸግረው ነው፤ ችግሩ ሲያልፍ ተመልሶ ይንቀዋል።

ከአተላው ንጹሕ ውኃን ለመመለስ የሚያስችለው ጥበብ ደግሞ የአንድ ጥቁር ሰው ሥራ ስለ ሆነ ልናስታውሰው ይገባል። ኖርበር ሪዩ በ1806 በኒው ኦርሊንስ ከተማ ከአንዲት ነፃ ጥቁር ሴትና ከነጭ አባት ተወለደ፤ በፓሪስም ተማረ። በዚያን ዘመን የሸንኮራ ጭማቂ በተርታ በተጣዱ ትላልቅ ብረት ምጣዶች ይፈላ ነበር፤ በጋለው ምጣድ መካከል የሚያገላብጡትም በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ይቃጠሉ ነበር። ሪዩ በ1843 የባለቤትነት መብት ያገኘበት መሣሪያ ግን፥ አየሩ የተቀነሰባቸውን ዝግ ዕቃዎች በማከታተል ከአንደኛው የወጣው እንፋሎት ሁለተኛውን፥ የሁለተኛው ሦስተኛውን እንዲያፈላ ያደርጋል።

ይህ እንዴት ይሆናል ቢባል፥ የደብረ ማርቆስ ሰው ከማንም ይልቅ ሊረዳው ይችላል። በባሕር ጠረፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በደብረ ማርቆስ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ የማይበስለውም ስለዚህ ነው። አየሩ ይበልጥ ቢቀነስ ውኃ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዕቃ እንፋሎት ለሁለተኛው እሳት ሆኖ ያገለግላል። በአንድ ዕቃ ብቻ ቢሆን አንድ ኪሎ እንፋሎት አንድ ኪሎ ያህል ውኃ ያተናል፤ በሦስት ዕቃ ቢሆን ወደ ሦስት ኪሎ ይጠጋል። ዛሬ የአልኮል ፋብሪካዎች ቪናሱን በዚህ መሣሪያ ያወፍሩታል፤ የተነነውም ውኃ ቀዝቅዞ ይሰበሰባል። በውስጡ ጥቂት አሲድ ስለሚኖር ከተጣራ በኋላ ለፋብሪካው ሥራ እንደገና ይውላል።

በ1975 ብራዚል ነዳጅ ሲወደድባት መኪኖቿን በሸንኮራ አልኮል ለማንቀሳቀስ ታላቅ እቅድ አወጣች። ቪናሱም በዛና ወንዞቿን አስጨነቀ፤ መንግሥትም በ1978 ቪናስን ወደ ወንዝ መልቀቅን ከለከለ። ፋብሪካዎቹም በቦይና በቧንቧ ወደ ሸንኮራው እርሻ መልሰው ማጠጣትን አስፋፉ፤ ፖታሲየሙም ከውጭ የሚገዛውን ማዳበሪያ ቀነሰላቸው። በህንድ አገር ደግሞ አተላውን አየር በሌለበት ጋን አብላልቶ የሚነድ ጋዝ ማውጣት ተስፋፋ። ከአንድ ሺህ ሊትር ጥሩ ቪናስ ከ20 ሜትር ኩብ በላይ ሜቴን ሊገኝ ስለሚችል፥ የፋብሪካውን ማሞቂያ ለማገዝ ይበቃል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሲመረቅ፥ ሞላሰስ በብዛት ወደ አገራችን ገባ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባና የአካባቢዋ የአልኮል ፋብሪካዎች፥ ኋላም ከጎጃም በአባይ ማዶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ፥ ከሞላሰስ አልኮል አወጡ። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ፥ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ አልኮል መቀላቀል ተጀመረ። የፊንጫ አልኮል ማውጫ በመጀመሪያ የታቀደው በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር ለማውጣት ነበር፤ ከላይ በተናገርነው ሒሳብ ይህ መጠን ከ80 እስከ 120 ሚሊዮን ሊትር አተላ ያስከትላል። ይህን የጠቀስነው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም፤ የነገሩን ልክ ለማሳየት ነው። በበለስ ሸለቆም የስኳር ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ ስኳር ባለበት ሞላሰስ አለ፤ ሞላሰስ ባለበት የአልኮል አሳብ ይነሣል፤ አልኮልም በወጣበት አተላ ይቀራል።

ሕጉ የለም የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲመረመር ያዝዛል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ያበላሸ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ የፋብሪካዎችን ግዴታ ይዘረዝራል። የሚቀረው ነገር ፋይሉ በጠረጴዛው ላይ የሚደርሰው ሹም የሚያደርገው ነው።

ከዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። አተላውን ወደ ሀብት የሚለውጥ ጥበብ ሁሉ ዋጋ አለው። ማትነኛው ብረትና ማገዶ ይፈልጋል። ጋዝ የሚያወጣው ጋን ብዙውን ክፋት ቢያስወግድም ቡናማውን ቀለም አያጠፋም፤ ጨዉንም አያወጣም። እርሻ ላይ የሚፈስሰውም አተላ ከልኩ ካለፈ አፈሩን በጨው ያበላሻል፥ የጉድጓድ ውኃንም ይመርዛል። ስለዚህ የፋብሪካው ባለቤት ወጪውን ቆጥሮ፥ ወንዙ ነፃ ነው፥ ለምን እደክማለሁ ቢል በራሱ መዝገብ ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ያ ወጪ አልጠፋም፤ ከታች ወደሚኖረው ገበሬ መዝገብ ተዛወረ እንጂ። ገበሬው ደግሞ መዝገብ የለውም፤ የሚጽፈው በታመመ ልጁና በሞተ ላሙ ነው። እንግዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ፥ መዝገብ ለሌለው ሰው መዝገብ መያዝ ነው።

የፈቃድ ጥያቄ ሲቀርብላችሁ፥ ስንት ሊትር አልኮል ይወጣል ብላችሁ እንደምትጠይቁ ሁሉ፥ ስንት ሊትር አተላ ይቀራል፥ የትስ ይደርሳል ብላችሁ ጠይቁ። ማጣሪያው ከፋብሪካው ጋር አብሮ ይሠራ እንጂ ትርፍ ሲገኝ ይሠራል የሚለውን ተስፋ አትቀበሉ፤ ከላይ እንዳየነው ሰው ችግሩ ሲያልፍ አተላውን ይረሳዋልና። ለመንደር ባለሙያዎችም አስቡላቸው። እነርሱ ድሆች ቢሆኑም አተላቸውን አያባክኑም፤ የሚያስፈልጋቸው ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃና አተላው ሳይበላሽ ወደ ከብት አድላቢው የሚደርስበት መንገድ ነው።

የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለውን የአበው ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙውን ጊዜ የምንጠቅሰው አባይ ወደ ሌላ አገር እየፈሰሰ እኛ መጠማታችንን ለማሳየት ነው። ነገር ግን ውኃው ከደጃፍ እያለፈ፥ ነገር ግን ተበላሽቶ የማይጠጣ ቢሆን ምሳሌው ዳግመኛ ይፈጸምብናል፤ በዚያን ጊዜም የምንወቅሰው ሌላ ሰው አይኖርም። የጮቄ ምንጮች ንጹሕ ሆነው ወደ እኛ ይደርሳሉ። ንጹሕ ሆነው ከእኛ እንዲያልፉ ማድረግ የእኛ ፋንታ ነው።

የደብረ ማርቆሷ እናት ዛሬም ጋኗን ስታወርድ አተላውን ለላሟ ትቀዳለች። ከጋኗ ሥር የሚወጣ ወደ ወንዝ የሚሄድ ነገር የለም። ዱብረንፎና ቬንሳን በብዙ ድካምና በብዙ ገንዘብ የፈለጉትን ነገር፥ እርሷ በአንዲት ላምና በአንድ ሸክም ጭድ ፈጽማዋለች። ታላላቅ ፋብሪካዎችን ስንተክል መጠናቸውን ከውጭ እንማር፤ ሥርዓታቸውን ግን ከእርሷ ግቢ እንማር።